የአቶ ደምሰው ጉርሻ

የየቤቱ የሆድ ቫይረስ ከጎረቤት ቫይረስ ጋር እየተዳቀለ ሰፈሩን በተቅማጥ ካመሰው ወዲህ፣ ከአንድ ትሪ መብላት የተፈቀደው ለአንድ ቤት ሰው ብቻ ነው። መጎራረስማ ጭራሽ አይነሳም። እንግዳ ሲመጣ የራሱን ሳህን ይዞ ጥጉን ይቀመጣል።

ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ የውብዳር ከጠዋት ጀምሮ ሆዳቸውን ይዘው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ ዋሉ። ልጃቸው ናሆም ሳሎን ተቀምጧል። እንደ ሰፈሩ መጸዳጃ ቤቶች ሁሉ ሰገራ መርምሮ ውጤቱን በድምፅ የሚያሳውቀው መጸዳጃ ቤት ምርመራውን ጨርሶ ሊናገር ሲል ክው አሉ።

«ቀስ በል፣ በናትህ» አሉት።

መጸዳጃ ቤቱ ግን ቀስ ማለት አያውቅም። «አዲስ ድቃይ ቫይረስ ተገኝቷል። ግማሹ የዚህ ቤት ነው። ግማሹ የጎረቤትዎ የአቶ ደምሰው ነው።»

ወይዘሮ የውብዳር የአቶ ደምሰውን ነገር ለልጃቸው እንዴት እንደሚነግሩት ሲጨነቁ ነበር የከረሙት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

«እማዬ፣ ጋሽ ደምሰው አጎረሱሽ እንዴ?»

«አንዲት ጎመን ናት።»

«ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት የአንዲት ጎመን ድምፅ አይደለም።»

«ክትፎም ነበረበት» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ይሄኔ ከግድግዳው ማዶ የአቶ ደምሰው መጸዳጃ ቤት «ግማሹ የወይዘሮ የውብዳር ነው» ሲል ጮክ ብሎ ተሰማ።

ናሆም ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ሰፈሩ ሰማ እኮ። አሁን ምን ይሻላል?»

«ምን ይሻላል? የአንድ ቤት ሰው መሆን ነዋ።»

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያልተነካውን ትልቁን ትሪ ከቁም ሳጥኑ አናት አውርደው አቧራውን መጥረግ ጀመሩ። ሳይጨርሱ ግን ትሪውን ለናሆም አስታቅፈው ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሮጡ።