የኩርሙክ ለቅሶ

«ሬሳው በየት በኩል ነው የሚመጣው?» አሉ ሼህ አብዱልላጢፍ፣ የአሶሳ ሬዲዮ ጣቢያችንን ስቱዲዮ በር በከዘራቸው ገፋ አድርገው። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሦስቱም ለለቅሶ ለብሰው ነው የመጡት።

የፕሮግራም ኃላፊያችን ጋሽ ኪዳኔ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «የማን ሬሳ ሼህ?»

«እሱ ነው ትላንት በሬዲዮ የተናገረው» አሉ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «የኩርሙክ መሪ ሞተ አለ። እኔ ኩርሙክ ነው የተወለድኩት፤ ሰውየውን ግን አላወቅሁትም። አፈርኩ።»

ፊቴ ጋለ። «ኩርሙክ አላልኩም ሼህ። የኩርማንጂ ተናጋሪዎች መሪ ነው ያልኩት። ኩርማንጂ የኩርዶች ቋንቋ ነው። የሞቱት የኩርዶች መሪ ናቸው፤ ሩቅ አገር።»

ሼሁ ከዘራቸውን ተደገፉ። «ሙስሊም ነው?»

«አዎ።»

እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። «እንግዲያው መንገዳችን በከንቱ አልቀረም» አሉና ተቀመጡ።

ጋሽ ኪዳኔ ግን አልሳቁም። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ «ማን ሞተብን?» በሚሉ ሰዎች ተጨናንቆባቸዋል። አንድ ቅጠል ወረቀት ፊቴ አስቀመጡ። «ይቺን እርማት አንብቢና ዘፈን ይገባል። የሰውየውን ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ተይው። አሶሳ ለኩርዶች ምናቸው ናት?»

ትላንት በመጀመሪያው ክፍል የሰውየውን ልጅነት፣ አስተማሪነታቸውንና ምርጫ ማሸነፋቸውን አንብቤያለሁ። ሁለተኛውን ወደ በርትኛ፣ ፕሮግራሜ ወደሚተላለፍበት የበርታ ሕዝብ ቋንቋ፣ ለመመለስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

«ሁለተኛው ምን ይላል?» አሉ ሼሁ።

ጋሽ ኪዳኔን ሳላይ ነገርኳቸው። ሰውየው ምክር ቤት ገብተው በቋንቋቸው ሲናገሩ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ «ባልታወቀ ቋንቋ ተናገሩ» ብሎ ጻፈ። በዚያ ንግግር ምክንያት ዘጠኝ ዓመት ታሰሩ። ሲፈቱ ዳግም ተመርጠው እዚያው ምክር ቤት ገቡ፤ ንግግሩንም ካቋረጡበት ቀጠሉ።

«ጸሐፊው ሰነፍ ነው» አሉ ሼሁ። «ካልገባው አይጠይቅም?» ከዚያ ወደ ጋሽ ኪዳኔ ዞሩ። «አንተ እዚህ ነው የተወለድከው?»

«አዎ፣ አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥተው። አርባ ልደፍን ነው።»

«ይሄ ልጅ ትላንት ያነበበውን ሰማህ?»

«ሰማሁ እንጂ።»

«ገባህ?»

ጋሽ ኪዳኔ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እኔ እንግዲህ ከዚህ አገር የለመድኩት ማንጎውን ነው ሼህ፤ በርትኛውን አይደለም።»

የበርትኛው ፕሮግራም የሚጀምርበት ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ጋሽ ኪዳኔ የሁለተኛውን ክፍል ወረቀቶች ከፊቴ አንስተው አጠፏቸውና ኪሳቸው ከተቱ።

ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ከ«እሺ» ሌላ መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም።

«እርማቱን አነባለሁ» አልኩ። «ሁለተኛውንም እላለሁ። በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«ሪም፣ ተይ። እርማቱ እንዳለቀ መስመሩን እዘጋዋለሁ።»

«በርትኛ እኮ ነው ጋሽ ኪዳኔ። እርማቱ የት ጋ እንዳለቀ በምን ያውቃሉ?»

አዩኝ። ወደ ሽማግሌዎቹም ዞረው አዩ፤ የሚነግራቸው ግን አልነበረም። ቀዩ መብራት በራ።

እርማቱ ግማሽ ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛውን ክፍል አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገርኩ። ሰኞ ስገባ ስሜ ከተረኞች ዝርዝር ላይ ተሰርዞ ነበር።