አንዲት ፊደል

በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ባለሙያዋ የምርመራውን ወረቀት ወደ ልጅቷ እናት ስታንሸራትት፣ አማትየዋ ቀድመው እጃቸውን ጫኑበት።

«ለእኔ ንገሪኝ፤ የልጄ ልጅ ናት።»

ምራታቸው «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ አይታወቅም» እየተባለች ስድስት ዓመት ኖራለች፤ መልስ መስጠት ከተወች ቆይታለች። ልጅቷ ሕመሙ ሲያሰቃያት አድሮ እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

ባለሙያዋ እርሳስ አነሳች። «እማማ፣ የሰው ሁለመናው የተጻፈው በአራት ፊደል ነው። አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒን፣ ሳይቶሲን ይባላሉ።»

«አራት ብቻ? እኔ ፊደል ስቆጥር የቀመስኩት ኩርኩም!»

ባለሙያዋ ሳቀች። «አራት ብቻ፤ ግን እልፍ ጊዜ ይደጋገማሉ። እዚህ ጋ አዴኒን መሆን ሲገባው ታይሚን ገብቷል። ቀይ ደሟን እንደ ማጭድ የምታጎብጠው ይቺ አንዲት ፊደል ናት። የጎበጠው ደም ቀጭን ደም ሥር ይዘጋል፤ አጥንቷን የሚያማት ያኔ ነው።»

«ከማን መጣባት ታዲያ?» አሮጊቷ በዓይናቸው ወደ ምራታቸው ጠቆሙ።

«ከሁለቱም። ከአንዳቸው ብቻ ቢሆን አትታመምም ነበር። ልጅዎም ተመርምሯል፤ እሱም ፊደሏን ይዟታል፣ ግን አያመውም።»

«ልጄስ ከማን አገኛት?»

«ከእርስዎ ወይም ከአባቱ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ።

«ከእሱ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ» አሉ። «‹እማዬ፣ አጥንቴን› እያለች ታለቅስ ነበር። ብርድ ነው አሉኝ፤ ዓይን ነው አሉኝ። በአምስት ዓመቷ ቀበርኳት። እኔ ግን ሥራ በዝቶብኝ ችላ ብያት ነው እያልኩ...» ወደ ባለሙያዋ ቀና አሉ። «ችላ ብያት አይደለም ማለት ነው?»

«ልክ እንደዚች ከነበረች አይደለም፣ እማማ። ያኔ ማን ያውቀው ነበር?»

«ይቺስ?»

«ይቺ መድኃኒቷንና ክትትሏን ካላቋረጠች ታድጋለች።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አድርገው ቆዩ። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«አምጫት እስቲ፤ ክንድሽ ዝሏል።»

ምራትየዋ ልጇን ቀስ ብላ አቀበለቻቸው። የዚችን የሞተች ልጅ ነገር ከባሏም ሰምታ አታውቅም።

«ማን ነበር ስሟ፣ እማማ?» አለች።

አሮጊቷ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልጠሩትን ስም ጠሩ።