ለሸሪፉ ሲጸለይ

ፓስተር ሃስኬል ሁለት ጣቱን ወደ እኔ ያነሳል፤ ተጫወቺ ማለቱ ነው። እጫወታለሁ። በዚህች የቴነሲ ተራራ ሥር ባለች ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጸሎት በተጀመረ ቁጥር ከሥር ከሥሩ ቀስ ብዬ ፒያኖ ስጫወት ኖሬአለሁ። ጣቶቼ የእኔን ትእዛዝ መጠበቅ ከተዉ ቆይተዋል።

ሮይስ ቶሊቨር ከሦስተኛው ረድፍ ተነስቶ ወደ ፊት ይወጣል። የወረዳችን ሸሪፍ ነው፤ ፖሊሱም እስር ቤቱም በእሱ እጅ ነው። እዚህ ደግሞ ዲያቆን ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ጣሪያ በገዛ እጁ መትቷል። ሸሪፍ የሚሾመው በሕዝብ ድምፅ ነውና ማክሰኞ ምርጫ አለበት። ከመኪና ማቆሚያው እስከ አውራ ጎዳናው በየአጥሩ ሥር ስሙ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት የምርጫ ሰሌዳ ተተክሏል። ዛሬ ዩኒፎርሙን ትቶ ኮሌታው አንገቱን አላላውስ ያለው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

ልጄ ኮርቢን የሞተው በእሱ እስር ቤት ውስጥ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበት ሲነዳ ያዙት። ስኳር እንዳለበት ነገራቸው፤ እኔም ኢንሱሊኑን ይዤ ሄጄ በር ላይ ለነበረው ፖሊስ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ልጄ ሲሞት፣ ኢንሱሊኑ ከነቦርሳው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ከክፍለ ግዛቱ የመጡ መርማሪዎች ሁለት ገጽ ጽፈው መዝገቡን ዘጉ፤ ጥፋተኛ የለም። ለሐዘኑ የሮይስ ሚስት በመጋገሪያ ሳህን ዶሮ በሩዝ ይዛልኝ መጣች። ሳህኑ እስካሁን ኩሽናዬ ውስጥ አለ፤ ከሥሩ፣ እንዲመለስላቸው፣ ስማቸው የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎበታል። ልመልሰውም ልሰብረውም አልሆነልኝም።

ትናንት ከሰዓት ፓስተሩ ደወለልኝ። ሮይስ በጉባኤው ፊት ልቡን ሊከፍት ነው፣ ይኼን ሁሉ ወር ስትጠብቂው የነበረውን ትሰሚያለሽ አለኝ። ሞኝ ነኝ፣ አመንኩት። ብዙ አልፈለግኩም። የልጄን ስም እዚህ፣ ባሳደጉት ሰዎች ፊት ይጥራ፤ ኮርቢን በእኔ እጅ እያለ ሞተ ይበል። ሌላው ቢቀር እሱን እንኳ።

ሮይስ ማይኩን ይይዛል። ገመዱን በጣቱ ይጠቀልላል፣ መልሶ ይፈታል። እያስመሰለ አይደለም፤ ልጅ ሆኖ ለገና የሚያነበንበውን ጥቅስ ያስጠናሁት እኔ ስለሆንኩ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ።

"በሥራ ዘመኔ አንዳንድ ነገሮች ባሰብኩት መንገድ አልሄዱም" ይላል። "ስህተቶች ተፈጽመዋል። እንቅልፍ ያጣሁባቸው ቀናት አሉ። ግን ተንበርክኬ ሁሉንም ለጌታ አስረክቤዋለሁ፤ ጌታም ይቅር ብሎኛል።"

አሜን ይላል ቤቱ።

እጠብቃለሁ። መዝሙሩን አንድ ዙር እጨርሳለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ፤ እሱ ማይኩን ለፓስተሩ ይመልሳል። ጌታ ይቅር ያለው እንግዲህ እኔን ሳይጠይቀኝ ነው።

ፓስተሩ ኑ፣ ወንድማችን ላይ እጅ እንጫን ይላል። ወንበሮቹ ባዶ ይቀራሉ። እሱ ጋ መድረስ ያቃተው ከፊቱ ያለውን ሰው ትከሻ ይይዛል፣ ከኋላው ያለውም የእሱን፤ ልማዳችን ነው፣ በረከቱ በክንድ በክንድ ይተላለፋል እንላለን። ኮርቢንን ዓሣ ማጥመድ ያስተማረው ጎረቤቴ ሳይቀር ተሰልፏል። ፓስተሩ ለሸሪፋችን ጥበብ፣ ለቤተሰቡ ሰላም፣ ለማክሰኞ ደግሞ ድል ይለምናል። እኔ ከሥር አጅባለሁ። ልጄ በእጁ ለሞተበት ሰው ጸሎቱን እያሳመርኩለት ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ በእኔ ሥልጣን ያለ ነገር አንድ ብቻ ነው። እጄን ከፒያኖው አነሳለሁ።

የጣሪያው ማራገቢያ ሲንቋቋ ይሰማል። ፓስተሩ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። ፊቴ በእንባ ርሷል፤ አሁንስ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

"ተመልከቱ ቅዱሳን" ይላል፣ የእሱም ድምፅ እየተቆራረጠ። "እህት ዊልዳን መንፈስ ቅዱስ ነክቷታል። መጫወት እንኳ አቃታት። ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ከየት ይመጣል?"

ሃሌሉያው ከኋላ ይነሳል። አይደለም እላለሁ፣ ማን ሊሰማኝ። እዚህ ቤት በጸሎት መካከል ፒያኖ የተቋረጠው መንፈስ ሲወርድ ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል አስቦ የሚያውቅ የለም። ጓደኛዬ ዶሪን መዝሙሩን ያለ አጃቢ ታነሳለች፣ ሁሉም ይከተላታል። ሰልፉ ዞሮ ወደ እኔ ይመጣል። ትከሻዬ ላይ አንድ እጅ ያርፋል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠሩን እተዋለሁ። ሮይስ በመካከላቸው አልፎ አጠገቤ ይንበረከክና ያቅፈኛል። አንዱ በስልኩ ፎቶ ያነሳናል።

አፌን ወደ ጆሮው አስጠጋለሁ።

"ኮርቢን በል" እለዋለሁ። "አንዴ ብቻ። ማንም አይሰማም፣ ለእኔ ብቻ በለው።"

እንደሰማኝ አውቃለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ያለው እጁ ክው ብሎ ይቀራል። ከዚያ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ እያለ መታ መታ ያደርገኛል።

"እንጸልይልሻለን፣ እህት ዊልዳ" ይለኛል።

ተነስቶ ይሄዳል። የሌሎቹ እጆች ግን አልተነሱም፣ ከብደውኛል። መዝሙሩ አዝማቹ ላይ ደርሷል፤ ያለ ፒያኖ ሲዘምሩ ሁልጊዜ እንደሚሆኑት ድምፃቸው ከቃናው ዝቅ ብሏል፣ አሁንም እየወረደ ነው። ፓስተሩ ከሰዎቹ ራስ በላይ አሻግሮ ያየኝና ሁለት ጣቱን ያነሳል።

አልጫወትም እላለሁ ለራሴ። ጣቶቼ ግን እነሱ የወረዱበትን ቃና ፒያኖው ላይ ፈልገው አግኝተውታል።