ይግባኙ እስኪወሰን

ቤዛዊት ለአባቷ እንድትሰጥ ሲፈረድ እናቷ እጥፍወርቅ ይግባኝ ብላ ውሳኔውን አሳገደች። በአዲሱ ሕግ ደግሞ እግድ የወጣበት ልጅ ይግባኙ እስኪወሰን በፍርድ ቤቱ ማቆያ ተኝቶ፣ ሳያድግ ይቆያል። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው፤ ቤዛዊት ግን ዛሬም አምስት ዓመቷ ነው።

እጥፍወርቅ ለልደቷ የገዛችውን ጫማ አጠለቀችላት። ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን ነበርና ከትንሿ እግር ላይ ወልቆ ወደቀ።

"ይግባኙን ትቼዋለሁ" አለች ለማቆያው ሠራተኛ።

"ወይዘሮ እጥፍወርቅ፣ ከተዉትማ ዛሬውኑ አባቷ ይወስዳታል። እርግጠኛ ነዎት?"

ፈረመች።

ከሰዓት በኋላ ቤዛዊት ዓይኗን ገለጠች። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ግን እናቷን ትኩር ብላ አየቻት።

"እማዬ፣ ፀጉርሽ መቼ ሸበተ?"

እጥፍወርቅ አቅፋ አነሣቻትና ለአባቷ አስረከበቻት።