ቢጫ በጥቁር ላይ

ሴትዮዋ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨሮች ሃያ ሁለት ዓመት ስትጠብቅ ኖራ ዘንድሮ ዓይኗ ከዳት። ትእዛዝ በምትጽፍበት የተርሚናል ጥቁር መስኮት ላይ የሚወርዱትን ደቃቅ ግራጫ ፊደሎች ለማንበብ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሥራውን ራሷ ያስተማረችው ባልደረባዋ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ኪቦርዱን አንዴ ላስቸግርሽ» አለና የፊደሉን መጠን ከአሥር ወደ ሃያ አራት አሳደገው። ግራጫውን ደማቅ ቢጫ አደረገው። ዜሮና የእንግሊዝኛው «ኦ» እንዳይምታቱባትም፣ ዜሮው መሃሉ ላይ ነጥብ ያለበት የፊደል ቅርጽ መረጠላት። እሷም ወንበሯን ተደግፋ፣ ከስንት ወር በኋላ አንድ መስመር ሳታጎነብስ አነበበች። እንባዋ መጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ችግሬን እንዴት አወቅህ?»

እሱ ቀና ብሎ አላያትም። «ኃላፊው ናቸው ያዘዙኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥራሽን የምታስረክቢበትን ሰነድ እስከ ዓርብ እንድትጨርሺ ብለው ነው።»

«ለማን ነው የማስረክበው?»

«ለእኔ፣ እትዬ።»

ኪቦርዱን ከእጁ ወሰደችና አዲስ ፋይል ከፍታ የርክክቡን ሰነድ መጻፍ ጀመረች። በትልቁ ቢጫ ፊደል የምትጽፈው እያንዳንዱ ቃል በሩ ላይ ለቆመ ሰው እንኳ ይነበብ ነበር።