ደጋግሞ የሚገዛ ጠላት

ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቅየው ዳቦ ጋጋሪ፣ ታናሽየው ስልክ ጠጋኝ። ያደጉት አንድ ምድጃ ሥር ነው። አባታቸው ሲሞት ታናሽየው «እኔስ ዱቄት አይሆነኝም» ብሎ ከዳቦ ቤቱ ወጣ። ታላቅየው እንደ ክህደት ቆጠረበት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

እናታቸው የሚኖሩት ከታናሽየው ጋር ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበታቸው ደረጃ አያስወርዳቸውም። መቼም ሙያው ነውና ልጅየው ሲያወሩለት የሚጽፍ ስልክ አበጅቶላቸዋል። ስልክ ውስጥ የማይገባበት የለም፤ የተደበቀ ስም ማውጣትም፣ የወጣውን መደበቅም ይችልበታል።

እናላችሁ፣ የታላቅየው ሚስት ነቃ ያለች ናት። «ሰው ከአልጋው ሳይወርድ በሚገዛበት ዘመን እኛ በር ከፍተን የምንጠብቀው ማንን ነው?» ብላ ዳቦ ቤቱን ስልክ ላይ አስገባችው። ሰው በስልክ ያዛል፣ ባለሞተሩ ያደርሳል፣ ከዚያ የበላው ኮከብ ይሰጣል። የወደደ አምስት፣ ያንገሸገሸው አንድ። የተሰማውንም ይጽፋል፤ ካሻው ስሙን ይተዋል። ይቺ ስም መተው የሚሏት ነገር ናት ጉዱ።

መጀመሪያ ገበያው ደራ። አንድ ጠዋት ባልየው ሊጥ ሲቆርጥ ሚስቱ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት።

«አንድ ኮከብ ተሰጠህ።»

«ማን ነው የሰጠኝ?»

«ስም የለውም። ‹የዚህን ቤት ዳቦ የበላ ሰው ሌላ አይበላም› ይላል።»

«ይሞታል ማለቱ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። አንተ ስትበላው ኖረህ ይኸው አለህ።»

ሳቁ። ብዙ አልቆየም፣ ሌላ መጣ፤ «እንዲህ ያለ ዳቦ በዕድሜዬ አላየሁም።» አሁንም አንድ ኮከብ። ደግሞ ሌላ፤ «ከዚህ ቤት የገዛሁትን ለጠላቴ አልሰጥም።» አንድ ኮከብ። ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም።

የሕፃናት መዋያዋ ባለቤት ዳቦ የምትወስደው ከእሱ ብቻ ነበር። ራሷ መጣች፤ ደግ ሴት ናት፣ በሰው አላከችበትም።

«ወንድሜ፣ አንተን ከፍቶብኝ አይደለም። ወላጆቹ አይተውታል። ‹የበላው ሌላ አይበላም› የተባለ ዳቦ ልጆቻችን አፍ እንዴት ይገባል ሲሉኝ ምን ልመልስ?»

ከዚያን ቀን ወዲያ ዳቦ መውሰዷን ተወች። እሷን አይተው ቢሮዎቹ ቀሩ፣ ቢሮዎቹን አይተው ጎረቤቶቹ ቀሩ። ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ ሊጥ ሲያቦኩ የኖሩትን ሰውዬ ዓይናቸውን ማየት አቅቶት፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ አሰናበታቸው።

አንድ ነገር ግን አልገባው አለ። «ካልጣፈጠው ለምን ደጋግሞ ይገዛል?» አላት ሚስቱን።

«ገዝቶ የሚሰድብ ሰው ዳቦውን አይደለም የጠላው» አለችው። «አንተን ነው።»

ነቃ ያለች ናት ብያችሁ የለ። ስድቡ የሚመጣው የቱ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ እንደሆነ ስትከታተል ቆይታ፣ ባለሞተሩን ያዘችው። «ይቺን ዳቦ የት ነው የምታደርሳት?»

«እዚያ ረጅሙ ፎቅ ነዋ። እታች ዘበኛው ይቀበለኛል። ላይ ማን እንደሚበላው እኔ ምን አገባኝ፣ እትዬ?»

ረጅሙ ፎቅ የታናሽየው ቤት ያለበት ነው።

ታላቅየው ሽርጡን ሳይፈታ፣ ዱቄቱን ሳያራግፍ ወጣ። ታናሽየው ሱቁ ውስጥ በደንበኛ ተከቦ አንድ ስልክ ፈታትቶ አቀርቅሯል።

«ዳቦዬ ቤትህ ይገባል፣ አይገባም?»

ታናሽየው ቀና አለ። ታላቁን ሱቁ ውስጥ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ፊቱ ፈካ። «ይገባል እንጂ፣ ወንድም ጋሼ። እንዲያውም...»

ጥፊው ቀደመው። የተፈታታው ስልክ መሬት ላይ ተበተነ።

«ወንድም የለኝም» አለ ታላቅየው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ብሞት እንዳትቀብረኝ።»

ታናሽየው ብሎኖቹን አንድ በአንድ ለቀመ፣ ሱቁን ዘጋ፣ አገር ለቆ ሄደ። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ስልኩም አይነሳም።

ዳቦ ቤቱም አልተረፈ። ስድቡ ቢቆምም የሄደ ደንበኛ አልተመለሰም። ምድጃው ቀዘቀዘ፣ መደርደሪያው ተሸጠ።

እናትየው የሚያነሳቸው ሲጠፋ በሰው ትከሻ ከፎቁ ወርደው ወደ ታላቅየው ቤት መጡ። ልጆቻቸው በምን እንደተጣሉ ማን ደፍሮ ይንገራቸው፤ ሰው በስልክ የልጃቸውን ስም እንዳጠፋ ብቻ ከምራታቸው ሰሙ። ልጃቸውን ባዶው ዱቄት ቤት ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ግድግዳ ተደግፈው አጠገቡ ቆሙና ራሱን ዳበሱት።

«የፈለጉትን ይበሉህ፣ የኔ ልጅ» አሉት። «እኔ እንደሁ ዳቦህን በስልክ ባስመጣሁ ቁጥር፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ኮከብ እየነካሁ አንደኛ ነው ያልኩህ።»