እማዬ የለመደችው ከተማ

የባሕር ዳር ከተማ በሆነችው በስፕሊት አከራያችን ቤቱን ለቱሪስት ሊያከራየው ፈለገ፤ ባሕሩን የምናይበት በረንዳ ከደመወዜ በላይ ሆነ። ኪራይ ወደሚረክስበት ወደ ወንዝ ዳሯ ከተማ ወደ ኦሲየክ ልንሄድ ነው ስላት፣ እናቴ ቶንካ የበረንዳውን ብረት ጨብጣ «እኔን ከዚህ የምታወጪኝ በሬሳ ሳጥን ብቻ ነው» አለችኝ። ጣቶቿን ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ ያላቀቅኋቸው እኔ ነኝ።

ኦሲየክ ስንገባ ግን ተለወጠች። በሁሉም ነገር ታማርር የነበረች ሴት ጭጋጉንም፣ ጠባቡን ክፍልም፣ የወንዙን ዓሣም «ጥሩ ነው ልጄ» ትላለች። ከተማውን ለመደችው ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ፣ የድሮ ጎረቤታችን ዱዬ ከስፕሊት ደወለልኝ።

«ኔዲልካ፣ ሰው እናቱን ጥሎ ይሄዳል?»

«በጠዋቱ መጠጣት ጀመርክ እንዴ ዱዬ?»

«ከሄድሽ ጀምሮ እማማ ቶንካ በረንዳው ላይ ብረቱን ይዛ ቆማለች። እንግዶች በመጡ ቁጥር ፈርተው ይሄዳሉ። ሾርባ የማቀብላት እኔ ነኝ።»

«እማዬ እኮ እዚሁ ከኔ ጋር ናት።»

«እንግዲያው ራስሽ አናግሪያት» ብሎ ስልኩን በበረንዳው አሻግሮ ሰጣት።

እንደ ድሮዋ ተነጫነጨችብኝ፦ ሾርባው ጨው የለውም፣ እንግዶቹ ሻንጣ ሲጎትቱ እንቅልፍ ይነሷታል፣ እኔም ልብ የለኝም። የእናቴ ድምፅ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ኔዲልካ፣ ማንን ይዘሽ ነው የሄድሽው?»

ወጥ ቤት ውስጥ የቢላዋው ድምፅ ቆመ።